የኩርባው ሜትር

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመተላለፊያው ስፋት ሰማንያ ሳንቲሜትር ነበር። ከእንጅባራው አስፋልት ተነስቶ አሥራ ሰባት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ከአስፋልቱ ለሚገባ ሰው በቀኙ የኑርሁሴን የሕንፃ መሣሪያ መደብር የድንጋይ ግንብ አለ፤ በግራው የይኸነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የብሎኬት አጥር። ሁለቱም ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። መጨረሻው ላይ መንገዱ ይዘጋል። የሽባባው በር ያለው በግራ ጎን፣ ከይኸነው ቤት ጀርባ ስለሆነ የሚገባም የሚወጣም እዚያ ላይ በማዕዘን መታጠፍ አለበት። በሩ ዘጠና ሳንቲሜትር ነው። ሁለት ጀሪካን የያዘ ሰው አንዱን ከፊቱ፣ አንዱን ከኋላው አድርጎ በጎኑ ይሄዳል። ከወዲያ የሚመጣ ካለ አንደኛው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማን እንደሚመለስ የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን በሸክም ነው። ፀሐይ በቀን ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትገባበትም። በዚህ ብርዳም አገር ለድንጋይ ይህ አይበቃውምና የኑርሁሴን ግንብ እስከ ጉልበት ድረስ አረንጓዴ ለብሷል።

ሽባባው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚያ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ እስክሪብቶውን በደረት ኪሱ ሰክቶ ነበር። በአራት ሰዓት ከማዘጋጃ ቤት ለኪ መጥታ የታላቅ ወንድሙን የይኸነውን ይዞታ ትለካለች፤ አዋሳኞች ይፈርማሉ፤ ካርታው ይወጣል። ካርታው ከወጣ አንድ ባንክ ምድር ቤቱን ለአሥር ዓመት ይከራያል። አዋሳኝ አንዴ ከፈረመ ግን ድንበሩ ያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ሽባባው እሑድ ዕለት «እፈርማለሁ» ብሎ ነበር። ከልቡ ነበር ያለው።

በሩን ቆልፎ እንደታጠፈ ከአጥሩ ወዲያ የሰው ድምፅ ሰማ። የይኸነው ደረጃ ወደ ፎቁ የሚወጣው ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ ነው፤ መሀሉ ላይ ይታጠፍና ትንሽ ማረፊያ አለው። ማረፊያው ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው መተላለፊያው ውስጥ ላለ ሰው በጆሮው የሚናገር ያህል ነው። ይኸነው ቤቱን ሊያዩ ለመጡ የባንክ ሰዎች ዙሪያውን እያሳየ ነበር።

«ከወዲያ ያለው የወንድሜ መውጫ ነው። ጠባብ ነው እንዳትሉኝ፤ ሰው ያሳልፋል። ሚስቱም በዚሁ ነው የወጣች፣ ነፍስ ይማር። ሳጥኑ አልታጠፍ ሲል ጊዜ ምን ይደረግ? አቁመን አወጣናት።» ትንሽ ዝም አለ፤ የሚያስቅ ነገር ሊናገር ሲል ልማዱ ነው። «የባቡር ሰው ሚስት አይደለች? ወንበር አጥታ ቆማ ተሳፈረች!»

ሳቁ። ሽባባው ሳቁን ለየ፤ ሦስቱ የእንግዶቹ ነበር፣ አራተኛው የራሱ የይኸነው። ከዚያ የይኸነው ሚስት በቀለች «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ነውር ነው» አለች። እየሳቀች ነበር ያለችው።

ሽባባው እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ አስገባ። በሩን መልሶ ከፈተ።

ሚስቱ እህተማርያም የሞተችው ኅዳር 2015 ላይ ነው። ሳጥኑ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት፣ ወርዱ ስልሳ ሳንቲሜትር ነበር። አናጢው ሲያመጣው ሽባባው ለክቶታል፤ በዚያች ሰዓት ሌላ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ስድስት ሰዎች አንስተው ከበሩ አወጡት። ፊቱ መተላለፊያው ውስጥ ገብቶ የኑርሁሴንን ግንብ ነካ፤ ኋላው በሩ ላይ ቀረ። ወደ ቀኝ ሞከሩ፤ ወደ ኋላ መለሱ፤ አጋደሉት። አስፋልቱ ላይ ዕድርተኛው ይጠብቃል፤ ቄሶቹ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ይኸነው «አቁሙት» አለ። በእግሯ በኩል አቆሙት። ሽባባው ገላዋ በውስጡ ወደ ታች ሲንሸራተትና እግሯ ከእንጨቱ ጋር ሲገናኝ ሰማ። አጭር ድምፅ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደሱ ያለ አልሰማም። አሥራ ሰባቱን ሜትር እንደዚያው ቆማ ሄደች።

ከአርባዋ በኋላ ሽባባው ካርቶን ገዝቶ ቁጭ አለ። አሥር ሳንቲሜትሩን እንደ አንድ ሜትር ቆጥሮ መተላለፊያውንና በሩን ወረቀት ላይ ሣለ፤ ሳጥኑንም በዚያው ልክ ከካርቶኑ ቆረጠ። መተላለፊያውን እያሰፋ ካርቶኑን ያዞረዋል። በሰማንያ አይታጠፍም። በአንድ ሜትር አይታጠፍም። በአንድ ሜትር ከሃያም አይታጠፍም። በአንድ ሜትር ከአርባ ይታጠፋል፤ አምስት ሳንቲሜትር እንኳ ይተርፈዋል። አንድ ሜትር ከአርባ ደግሞ ከአባታቸው ቦታ ለእሱ መውጫ ተብሎ የተተወለት ስፋት ነው። ካርቶኑን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስገባው፤ ለማንም አላሳየም።

አሁን ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሣጥኑን ጎተተ። ውስጡ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ።

ሽባባው ሃያ ስድስት ዓመት ሐዲድ ለክቷል። ድርሻው ከአዲስ አበባ ለገሃር እስከ አቃቂ ያለው ነበር፤ ጠዋትና ማታ የፋብሪካ ሠራተኛ የምታመላልስ አጭር ባቡር ትሄድበታለች። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ ከአንዱ ብረት የውስጥ ገጽ እስከ ሌላው የውስጥ ገጽ ድፍን አንድ ሜትር። ሽባባው መስመሩን በእግሩ እየሄደ በየአሥር እርምጃው ዘንጉን በሁለቱ ብረቶች መሀል ያጋድማል፤ የሰፋበትን፣ የጠበበበትን ይጽፋል። ዘንጉ ግን ሁለት ዓይነት ነበር። ነጭ ቀለበት የተቀባው ለቀጥታው ነው፤ ልክ አንድ ሜትር። ቀይ ቀለበት ያለው ለኩርባው ነው። ባቡር እንደ እባብ አይተጣጠፍም፤ ከሥሩ ያሉት ጎማዎች በአንድ ድርቅ ያለ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ ኩርባ ላይ ሐዲዱ ካልሰፋላቸው ይነክሳሉ፣ ከዚያም ይወጣሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ይጨመራል። የቀዩ ዘንግ ርዝመት አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲሜትር ነው። ይህን የሚያውቁት ሐዲድ ለኪዎች ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ፣ የባቡሩ ሾፌር ሳይቀር፣ «የእኛ ሐዲድ አንድ ሜትር ነው» ይል ነበር።

እህተማርያም የዚያች ባቡር ተሳፋሪ ነበረች። አቃቂ ክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሦስተኛው ፉርጎ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ከመነሻው ከለገሃር ስለምትሳፈር ሁልጊዜ ወንበር ታገኝ ነበር። እሱ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ ባቡሯን ሲያሳልፍ መስኮቱ ላይ የሚያያት ትከሻዋንና ነጠላዋን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቆማ የሄደችበትን አንድ ቀን ሽባባው አያስታውስም። ከዚያ የማታዋ ባቡር ቀረች፤ ቀጥሎ የጠዋቷ በሳምንት ሦስት ቀን ሆነች፤ በ2000 ዓ.ም. ጭራሽ ቆመች። ሐዲዱ እየተነቀለ ለአጥር ቋሚና ለድልድይ አግዳሚ ሲሸጥ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ዘንጎቹን «ከእንግዲህ ለምንም አይሆኑም፣ ለማስታወሻ ውሰዳቸው» ብሎ ሰጠው። ከሚስቱ፣ ከአንድ ፍራሽና ከዚህ ሣጥን ጋር ወደ እንጅባራ ተመለሰ።

መስከረም 2001 ላይ የአባታቸውን ቦታ ተካፈሉ። በአስፋልቱ በኩል የቦታው ስፋት ሠላሳ አንድ ሜትር ከአርባ ነበር። ታላቁ ፊት ለፊቱን፣ ታናሹ ጀርባውን ወሰደ። መሪጌታ ኪዳኑ ውሉን በእጃቸው ጻፉ፦ ከማዕዘኑ ድንጋይ ጀምሮ ሠላሳ ሜትር ለይኸነው፤ የቀረው ለሽባባው መውጫ። ሜትር የያዘ ሰው አልነበረም። ይኸነው ከወንድሙ ሣጥን አንዱን ዘንግ አነሳ። ቀዩን አነሳ፤ ቀለሙ ያልለቀቀው እሱ ስለነበረ። «ይሄ የምድር ባቡር ሜትር ነው» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። «እስከ ጅቡቲ ድረስ በዚህ ነው የተለካው፤ ከዚህ የበለጠ ልክ የለም።» ሠላሳ ጊዜ እያጋደመ ለካ። መስመሩ እንዳይጣመም የተዘረጋውን ገመድ ጫፍ የያዘው ሽባባው ቀዩን ቀለበት ያየው ሦስተኛው ላይ ነው። አፉን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ ግን በአዊኛ ምርቃት ጀምረው ነበር፤ ድንበር እየተመረቀ ታናሽ ታላቁን አያርምም። ማታ ለእህተማርያም ነገራት። «ምን ያህል ወሰደብን?» አለችው። «ስልሳ ሳንቲሜትር።» በእጇ አየር ላይ ልክ አበጀች፤ ትንሽ አሰበች። «ስልሳ ሳንቲሜትር ለወንድም አይበዛም። ደግሞ እኔም አንተም ቀጫጮች ነን።» ነገሩ በዚያ አለቀ። ይኸነው በዲከረንስ ዛፍ ከሰል ንግድ ሲከብር አጥሩን ያኔ በተተከሉት ችካሎች ላይ ሠራ፤ ንድፉን የሣለለት ልጅ ደግሞ «ሠላሳ» የሚለውን ከውሉ ላይ ገለበጠ። ሁለቱን ያስተያየ ሰው አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ላይ ሽባባው ዘንጎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ኑርሁሴን መደብር ገባ። ኑርሁሴን ምስማር እየመዘነ ነበር።

«ጋሽ ሜትሩ! ዛሬ ደግሞ ምን ሊለኩልኝ ነው?»

«ሜትር ስጠኝ። የብረቱን።»

«ቀላሉ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ደህናው ስድስት መቶ።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ደህናው አይዋሽም። ቀላሉም ቢሆን ብዙ አይዋሽም፤ ለአጥር ይበቃል።»

«ደህናውን።»

ባንኮኒው ላይ ጆንያውን ፈታ። ነጩን ለካው፤ አንድ ሜትር። ቀዩን ለካው፤ አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲሜትር። ኑርሁሴን ምስማሩን ትቶ አንገቱን አሰገገ። የወንድማማቾቹ ቦታ ሲከፈል ከዚሁ ደጃፍ ቆሞ ያየ ሰው ነው፤ ዛሬም በመተላለፊያው በኩል ሌላው አዋሳኝ እሱ ነው። ሁለቱን ዘንጎች አስተያየ፤ አጥሩ ባለበት በኩል ዞሮ ግድግዳውን ተመለከተ፤ በከንፈሩ ቆጠረ። ነጋዴ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ ሁለትን ለማስላት ጊዜ አልፈጀበትም።

«ያኔ ሳጥኑ የፋቀው ግንቤ ላይ አሁንም አለ» አለ ቆይቶ። «ሚስቴ ሐቢባ ኖራ ቀባበት ብላ ስትነዘንዘኝ እምቢ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።» የሜትሩን ዋጋ ሲቀበል ዓይኑን አላነሳም። «ወንድምዎ ናቸው ግን፣ ጋሽ ሽባባው።»

«ናቸው» አለ ሽባባው።

የማዘጋጃ ቤቷ ለኪ ፍቅርአዲስ በባጃጅ ደረሰች፤ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነበር። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ነው። ይኸነው ሰባ አራት ዓመቱ ቢሆንም ከራቫት አድርጎ፣ መሪጌታ ኪዳኑን ከጎኑ አቁሞ ይጠብቃት ነበር። መሪጌታ ውሉን በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ልጅቷ ውሉን አነበበች፤ የማዕዘኑን ድንጋይ አየች፤ መለኪያዋን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ቀይ ብርሃኑን ወደ አጥሩ ጫፍ ላከች።

«ሠላሳ ከስልሳ» አለች።

«ሠላሳ ነው፣ ልጄ።»

ደግማ ለካች። ከዚያ መለኪያውን አስቀምጣ ረጅም የጨርቅ ሜትር ዘረጋች፤ ጫፉን ኑርሁሴን ያዘላት። «ሠላሳ ሜትር ከስልሳ ሳንቲሜትር፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሜትራችሁ አጭር ነው!» አለ ይኸነው። «ይሄ ቦታ የተለካው በምድር ባቡር ሜትር ነው። እስከ ጅቡቲ ድረስ!»

«ጅቡቲን እኔ አልለካሁም። እኔ የለካሁት ከዚህ ድንጋይ እስከዚህ አጥር ነው።»

ኑርሁሴን ሳቁን ዋጠ። ሽባባው ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዘንጎቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ ቀለበታቸው ከላይ እንዲታይ አደረገ።

«ጋሼ» አለ፣ «ያኔ የለኩት በየትኛው ነበር?»

ይኸነው ወንድሙ ሊረዳው የመጣ መሰለው። ፊቱ በራ። «በቀዩ! ይኸው፣ ይሄ ነው። መሪጌታ ምስክር ናቸው። በቀዩ አይደለም እንዴ፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «በቀዩ ነው። ቀለበቱ ትዝ ይለኛል።»

«ይጻፍልኝ» አለ ሽባባው ለፍቅርአዲስ፤ በስድስት መቶ ብር የገዛውን ሜትር ሰጣት። ልጅቷ ሁለቱንም ለካች፤ የቀዩን ሁለት ጊዜ ለካች። ከዚያ ሽባባው አስረዳት፤ ሃያ ስድስት ዓመት አለቆቹን ሲያስረዳ እንደነበረው በአጭሩ፣ ድምፁን ሳያነሳ፦ ነጩ ለቀጥታ ነው፣ ቀዩ ለኩርባ ነው፣ ለአንዱ ዘንግ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ለሠላሳው ስልሳ። ከአስፋልቱ ላይ አንድ የዳንግላ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል።

ይኸነው ዘንጉን ሳይሆን ወንድሙን ነበር የሚያየው። «ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አሥራ ስድስት ዓመት?»

«አሥራ ስድስት ዓመት ከስድስት ወር።»

ፍቅርአዲስ ወደ ውስጥ ገብታ ደረጃውን ለካች፤ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት ነው ብላ ጻፈች። ከዚያ ቅጹን አስፋልቱ ዳር በቆመ መኪና ኮፈን ላይ ዘረጋች። ያለው ነገር ሁለት ነው አለች፦ ወይ አዋሳኙ ትርፉን ለወንድሜ ትቻለሁ ብለው ይፈርማሉ፣ ወይ አጥሩ ወደ ልኩ ይገባል፤ አጥሩ ሲገባ ከእሱ ጋር የተያያዘው ደረጃ አብሮ ይቆረጣል። ሁለቱም ካልሆነ ካርታ የለም። እስክሪብቶዋን ለሽባባው ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። እሱም የራሱን አላወጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ይኸነው ሳሎን አስጠሩት። በዚያ ደረጃ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ አሥራ አንዱ ላይ ማረፊያው አለ፤ እዚያ ላይ ቆሞ ወደ መተላለፊያው ተመለከተ። የራሱን በር አየ። ሳሎኑ ውስጥ ባለ ቡኒ ቆዳ ሶፋ አለ፤ በቀለች ፕላስቲኩን እስከዛሬ አልገፈፈችለትም፤ ሰው ሲቀመጥ ይንጫጫል። ግድግዳው ላይ ይኸነው በዓል ቀን ያጌጠ ፈረሱ ላይ ሆኖ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። መሪጌታና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በቀለች አምቦ ውኃ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ ከፈተችለት። ይኸነው መስኮቱን እያየ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ ሲቸግራቸው ወደ አዊኛ እየገቡ፣ ሽባባው ግማሹን አዲስ አበባ ጥሎት እንደመጣ ሲያስታውሱ ወደ አማርኛ እየተመለሱ። ይኸነው አዘና ላይ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት እሰጠዋለሁ ብሏል፤ ቧንቧ እስከ ደጃፉ አስገባለታለሁ ብሏል፤ ከምድር ቤቱ አንዷን ሱቅ በስሙ አደርግለታለሁ ብሏል። ሽባባው ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የአምቦ ውኃው አረፋ አልቆ ጠርሙሱ ዝም አለ።

«በል እንግዲህ» አሉ መሪጌታ፣ «የምትፈልገውን በአፍህ ንገረን።»

«ስልሳ ሳንቲሜትር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሽባባው ልጄ፣ ስልሳ ሳንቲሜትር መሬት ምን ይሆንሃል? አትዘራበት፣ አትሠራበት።»

«ይታጠፍበታል» አለ ሽባባው።

አንደኛው ሽማግሌ አልገባቸውም፤ ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ ግን በቀብሩ ቀን መተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆመው ዳዊት ሲደግሙ የነበሩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አላዩም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሶፋው ተነሡ፤ ፕላስቲኩ ተንጫጫ፤ ሽምግልናው በዚያ ተበተነ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በመተላለፊያው ውስጥ ጨርቅ ድንጋይ ሲታከክ ተሰማ። ይኸነው ነበር። ሆዱ ስለማያሳልፈው በጎኑ ነው የሚራመደው፤ አንድ እጁ የኑርሁሴንን ግንብ ይደግፋል። ከቀብሩ ወዲህ በዚህ መንገድ አልመጣም። በሩ ላይ ሲደርስ ከራቫቱ አረንጓዴ ነክቶት ነበር። ሽባባው ወንበር አቀረበለት፤ ይኸነው አልተቀመጠም። ክፍሉን አየ፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተከፈተው ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የእህተማርያም የፋብሪካ መታወቂያ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ።

«ወንድምዓለም» አለ። እንዲህ ብሎ ከጠራው ብዙ ዓመት ሆኖታል። «ደረጃዬን ነው የምትቆርጥብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ባንኩ ምድር ቤቱን ከያዘው እኔ የማድረው ፎቅ ነው። በዚህ ጉልበቴ፣ በዚያች ጠባብ ላይ…»

«ቀስ ብለው ይውጡ፣ ጋሼ።»

«እሑድ እፈርማለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ። በእሑድና በዛሬ መሀል ምን መጣ?» ይኸነው ወደ ፎቶው ዞረ። «እሷ ብትኖር ይህን አታስደርግህም ነበር።»

«አታስደርገኝም ነበር። ያኔም እሷ ናት የከለከለችኝ። ስልሳ ሳንቲሜትር ለወንድም አይበዛም ብላኝ።»

«ታዲያ እሷ ከተወችልኝ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«እሷማ ወንበር አጥታ ቆማ ተሳፈረች።»

ይኸነው ከበሩ ብቅ ብሎ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ አጥሩ አዞረ፤ ከአጥሩ በላይ የራሱን ደረጃ ማረፊያ አየ። ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ከዚህ ወገን ሆኖ አይቶት አያውቅም ነበር።

«ሰው ለማሳቅ ነው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «እንዲያው ለጨዋታ… ሽባባው፣ እንግዳ ለማሳቅ ያልሁት ነው።»

«ሳቁ እኮ» አለ ሽባባው። «ሰምቻለሁ። አራት ነበራችሁ። ከእትዬ በቀለች ጋር አምስት።»

ይኸነው ሲወጣ መታጠፊያው ላይ ትከሻው ግንቡን መታው፤ ሳጥኑ በፋቀው ቦታ ላይ ነበር። ሽባባው አሥራ ሰባቱን ሜትር እስኪጨርስ ድረስ የጨርቁን መታከክ አዳመጠ። ከዚያ ዘንጎቹን በዘይት ጨርቅ ወልውሎ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው።

ባንኩ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቅ ነግሯቸው ነበር። መጋቢት አሥራ ስምንት ቀን ሁለት ግንበኞች መዶሻና ብረት መጋዝ ይዘው መጡ፤ አጥሩን አፍርሰው፣ የደረጃውን ኮንክሪት ቆርጠው አዲሱን አጥር ለማቆም ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። ሽባባው በየቀኑ በርጩማውን አውጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ አዲሱን አጥር በየአንድ ሜትሩ ለካ። ስድስተኛው ሜትር ላይ አንድ ሜትር ከሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ አገኘው፤ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አስነቅሎ እንደገና አስገነባቸው። ግንበኞቹ በልባቸው ሰደቡት፤ በአፋቸው «ይሁን ጋሽ ሜትሩ» አሉት። መጋቢት ሃያ ሰባት ፍቅርአዲስ ተመልሳ መጣች፤ ከድንጋዩ እስከ አጥሩ ሠላሳ ሜትር፣ መተላለፊያው አንድ ሜትር ከአርባ። ሽባባው በራሱ እስክሪብቶ ፈረመ። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ የነበረውን ካርቶን የዚያን ቀን ጣለው።

ባንኩ ሚያዝያ ላይ ገባ። ይኸነው ፎቁ ላይ ይኖራል፤ ጉልበቱ ብሶበት አሁን ከቤት የሚወጣው ለቅዳሴ ብቻ ነው። ሽባባው ፊርማውን ሊያኖር የገባ ቀን ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ደረጃውን ለክቶት ነበር። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ አሥራ አንዱ ላይ እንደ ድሮው ይታጠፋል፤ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አዲሱ አጥር ስፋቱ ሃምሳ ስምንት ሳንቲሜትር ነው፤ ከእህተማርያም ሳጥን ወርድ በሁለት ሳንቲሜትር ያንሳል።